የማሟሟቂያ ዋጋ

ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ ቁርጥ ዋጋ የሚባል ነገር ቀርቷል። ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ስልኩን አንስቶ ለመታጠቢያው ውሃ ዋጋ ይሰጣል። ካሸነፈ ይታጠባል፤ ካልሆነለት እንዳደረ ይወጣል። ዳቦው፣ የባቡሩ ወንበር፣ የሐኪሙ ተራ፣ ሁሉም በጨረታ ነው። ሥራ ደግሞ በተገላቢጦሽ ይጫረታል፤ በትንሹ እሠራለሁ ያለ ይወስደዋል። ምሥራቅ ተካልኝ በሳቢያን ሜዳ ላይ ከተዘረጉት የፀሐይ ሰሌዳዎች አቧራ ትጠርጋለች። በየማለዳው መጀመሪያ ጉልበቷን አርክሳ ሥራውን ትወስዳለች፣ ቀጥላ ውሃውን አስወድዳ ትገዛለች። ይህን እንደ ጉድ የሚያይ ሰው አልነበረም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ» ከማለቱ በፊት «ውሃው ስንት ገባሽ» ይላል።

ከሁሉ የሚከብደው የቀትር ቦታ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መንገድ ይዘጋል፤ ሕዝቡ በየሰፈሩ ወደተሠሩት ቀዝቃዛ አዳራሾች ይገባል። የአዳራሹም ወንበር በጨረታ ነው። ጎረምሳ ቢያጣው ቤቱ ወለል ላይ ተጋድሞ ያሳልፈዋል። ሕፃንና ሽማግሌ ግን ይህን አይችሉትም። በግንቦት በግንቦት ዜናው በሙቀት ያለፉትን ሰዎች ቁጥር ይናገራል፤ ከዚያ ወደ ስፖርት ይሄዳል።

ምሥራቅ ሶልያና የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። የልጅቷ ቀኝ እግር ከዳሌዋ ጀምሮ ጠማማ ነው፤ እንዲያ ሆና ተወለደች። አጥንቷ ሳይጠነክር ከተሠራ እንደ እኩዮቿ ትሮጣለች፣ ጊዜው ካለፈ ግን ምርኩዝ አይለያትም ብሏል ሐኪሙ። የቀዶ ሕክምናው ተራ የሚጫረተው ክረምት ሊገባ ሲል ነበር። ምሥራቅ ያላትን ብትደምር ብትቀንስ አልበቃ አላት። ግቢው ውስጥ የቀረው ሸራ የተከናነበ አንድ ነገር ነው፤ የአባቷ ባጃጅ።

ተካልኝ በሕይወት ሳለ በከተማው የመጨረሻዋን የቤንዚን ባጃጅ የነዳ ሰው ነበር። ሌሎቹ ሾፌር አልባ መኪኖች መንገዱን ሲሞሉት እየተዉ ወጡ። እሱ ግን ነዳጅ ከየት እንደሚያመጣ ለማንም ሳይናገር እስከ ዕለተ ሞቱ ተሳፋሪ ጫነ። ምሥራቅ ባጃጇን ለጨረታ ስታወጣ እንባዋ መጣ፤ ግን ልጅ ከአባት መታሰቢያ ይበልጣል ብላ ፎቶ አነሳቻት። ገበያው ዕቃውን መርምሮ መነሻ ዋጋ የሚጽፈው ራሱ ነው። የቁራጭ ብረት ዋጋ ጻፈላት።

መጀመሪያ ማንም ዞር ብሎ አላየም። ቀጥሎ አንድ ሰው ጨመረ። ከዚያ አዲስ አበባ የሚኖር የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ገባ፤ ያ የፊተኛው ሰው ደግሞ በላዩ ጨመረ። ሁለቱ እንዲህ እየተናጠቁ ሲወጡ ሰፈሩ ሥራውን አቁሞ በየስልኩ ላይ አፈጠጠ። ጨረታው ሲዘጋ ዋጋው ለሶልያና ተራ በቂ ነበር፤ እንዲያውም ይተርፋል። ምሥራቅ ልጇን አቅፋ በግቢው ዞረች። እንዲህ ከልቧ ስትስቅ ጎረቤቶቿ ካዩዋት ዓመታት አልፈዋል።

ገንዘቡ ግን አልመጣም። የመክፈያው ቀን አለፈ፣ የተሰጠውም ተጨማሪ ቀን አለፈ። ከዚያ ስልኳ አሸናፊው እንዳልከፈለ ነገራትና ሁለት ምርጫ አቀረበላት፤ ይዘጋ ወይም ይማር።

ሁለቱም ምን ማለት እንደሆኑ በከተማው የማያውቅ የለም። ሻጩ «ይዘጋ» ካለ ገበያው ከዋስትናው ቋት ወዲያው ይከፍለዋል፣ ዕቃውንም ይረከባል። ያልከፈለው ሰው ደግሞ ዕዳውን እስኪጨርስ ድምፁ ይዘጋል፤ ስልኩ ምንም ዋጋ አይቀበለውም። ዝግ የሆነ ሰው የሚኖረው ሌላው ንቆ በተወው ነው፤ በደረቀ ዳቦ፣ በማይፈለግ ባቡር፣ ጥላ በሌለው አግዳሚ። ሻጩ «ይማር» ካለ ግን ያ ሰው በነፃ ይሄዳል፣ ዕቃውም «አሸናፊው የሸሸው» የሚል ምልክት ታትሞበት ይመለሳል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ዕቃ ማንም በደህና ዋጋ አይነካውም።

ጎረቤቷ ፋጡማ ባጊያ ጠብሳ የምትሸጥ፣ የመጣላትን ሳታላምጥ የምትናገር ሴት ናት። ምሥራቅ ስልኳን ስታሳያት አንዴ አይታ መለሰችላት። «አቦ ዝጊውና እረፊ» አለች። «ቃሉን ያጠፈው እሱ፣ የምትጨነቂው አንቺ?»

ምሥራቅ ልትዘጋው ጣቷን አንስታ ነበር። ከምርጫው በታች የአሸናፊው ስም ተጽፏል። ዘውገ አድማሱ፣ ገንደ ቆሬ ይላል። ጣቷ እዚያው ቆመ። ጋሽ ዘውገን ታውቀዋለች። ከአባቷ ጋር አንድ ተራ ላይ ባጃጅ ያቆም የነበረ፣ በቀብሩም ዕለት ከሳጥኑ ፊት ፊት የሄደ ሰው ነው። ያለው ሀብት አንድ ክፍል ቤት ብቻ መሆኑንም ታውቃለች። ደሟ ፈላ። ሊቀልድብኝ ነው ወይ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ገንደ ቆሬ ወጣች።

በመንገዷ ላይ የምትለውን ስታሰናዳ ሄደች። ስትደርስ በሩ ክፍት ነው። ጋሽ ዘውገ የክት ኮቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እንደምትመጣ አውቆ ሲጠብቃት ነበር። ያለችውን አንድ ወንበር አቧራዋን በእጁ አብሶ ሰጣትና መጀመሪያ ስለ ልጅቷ ጠየቃት።

«ደህና ናት» አለች ምሥራቅ። «ጋሼ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

በድሬዳዋ ለሽማግሌም አንተ ነው፤ ዘመን ያልነካው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጋሽ ዘውገ ጎንበስ ብሎ ሲያስረዳት ቆየ። በጎረምሳነቱ በየንግሡና በየሠርጉ፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ በሚሰበሰብበትም ቦታ ጨረታ አይጠፋም ነበር። ጥላ ይጫረታል፣ ሙክት ይጫረታል። መነሻው ዝቅ ብሎ ዝም ከተባለ ባለቤቱ ያፍራል። ስለዚህ ከሕዝቡ መሀል የሚያሟሙቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እጁን አውጥቶ የሚጨምር፣ ሌላው እልህ ሲይዘው ደግሞ የሚጨምር። አሟሟቂው ገንዘብ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። ከሁሉም በላይ አጫራቹ ያውቃል። ዋጋው አሟሟቂው ላይ የቆመ እንደሆነ «አንደኛ» ይላል፣ «ሁለተኛ» ይላል፣ ሦስተኛውን ግን ይውጠዋል። ቀልድ ያመጣል፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ነጋዴ ያሞግሳል፣ መዝሙር ያስጀምራል። ነጋዴው አፍሮም ሆነ ሞቆት እስኪጨምር ድረስ ሦስተኛ አይባልም። ጋሽ ዘውገ በዚህ የታወቀ ሰው ነበር። ጨረታው ሁሉ ወደ ስልክ ሲገባም ልማዱን አልተወም። ጎረቤት አንድ ዕቃ ባወጣ ቁጥር ገብቶ ያሟሙቃል። ስንት ዓመት ሙሉ ከእሱ በላይ የሚጨምር ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

«ስልኩ ግን ሦስተኛ አለ» አለ ጋሽ ዘውገ። «የአዲስ አበባው ሰውዬ አንድ ጊዜ ይጨምራል ብዬ ስጠብቅ፣ አለ።»

ምሥራቅ ንዴቷ አልበረደላትም። ባይገባበት ኖሮ ሰብሳቢው በትንሽም ቢሆን ይገዛት እንደነበር ነገረችው። በሌለው ገንዘብ ገብቶ ቤቷን እንዳፈረሰ ነገረችው። አንዱንም አልካደም።

«መነሻውን በቁራጭ ብረት ዋጋ ጻፉት» አለ ስትጨርስ። «ተካልኝ ዕድሜውን የጨረሰባትን። ዝም ብዬ ልይ?»

«ለልጄ እግር ነበር፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ደጋግሜ የጨመርኩት።»

  ዝጊኝ አላት። ይህን የተናገረው ሳይለማመጥና ሳያስለምን፣ በሩን ዝጊው እንደሚባል ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ የምገዛው ነገር የለኝም ብሎም አከለበት። ውሸት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የቀትር ወንበሩን በየቀኑ ይገዛል፤ ያለዚያ በዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ግንቦት አይወጣለትም። ምሥራቅ ይህን በአፏ አላነሳችውም። ደህና ዋል ብላ ወጣች፤ እሱም እስከ መንገዱ ሸኛት።

ቤቷ ገብታም አልወሰነች። ሁለቱንም እያሰበች ሰነበተች። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ስትራመድ ስታይ ልዝጋው ትላለች፤ ፀሐይዋ ስትከርር ደግሞ ልማረው ትላለች። ፋጡማ በየቀኑ ዘጋሽው ወይ እያለች ትጠይቃታለች። የቀዶ ሕክምናው ጨረታ ሊከፈት መሆኑ በተነገረ ማግሥት፣ ጠዋት ውሃዋን ገዝታ እንደጨረሰች፣ በዚያው ጣቷ «ይዘጋ» የሚለውን ነካችው።

«እርግጠኛ ነዎት?» አላት። በድሬዳዋ ሰውን አንቱ የሚለው ስልክ ብቻ ነው።

እርግጠኛ አልነበረችም። አዎ አለች። ገንዘቡ ዓይኗን ከማርገብገቧ በፊት ገባ። እፎይ አለች፤ እፎይ ማለቷ ደግሞ አሳፈራት። በሚቀጥለው ቀን ሾፌር አልባ የጭነት መኪና መጥቶ ባጃጇን ጎትቶ ወሰዳት። ሸራውን ጥሎላት ሄደ።

ሶልያና ተራውን አገኘች፣ ቀዶ ሕክምናውም ተሳካ። ልጅቷ እግሯ በጀሶ ተጠቅልሎ ከሆስፒታል ስትወጣ ያየችውን ሁሉ ፈርሙበት ትል ነበር። ምሥራቅ ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ደስታ ውስጥ ሌላ ነገር ማሰብ የለብኝም ብላ ራሷን ተቆጣች። ለጥቂት ጊዜም ተሳካላት።

ሰፈሩ ውስጥ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል። ዕቃ ያወጣ ሁሉ በመነሻ ዋጋው ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ ሳይሸጥ ይመለሳል። አንዱ ምንጣፉን በአፈር ዋጋ ሰጠ። ሌላው ፍየሎቹን አውጥቶ ተናዶ መለሳቸው። ሰዎች ወቅቱ ነው አሉ፣ የመንግሥት ፖሊሲ ነው አሉ፣ አዲስ አበባዎች ተመሳጥረውብናል አሉ። ምሥራቅ አፏን ይዛ ታዳምጣለች። የመጀመሪያዋን ብር የሚጨምር ሰው እንደጠፋ ያወቀች እሷ ብቻ ናት፤ ማን እንዳጠፋውም ታውቃለች።

ጀሶው ሊፈታ ሲል ልጅቷን ለምርመራ ወስዳ ስትመለስ ባቡሩ ዘገየና ቀትር ሊሞላ ሆነ። ሶልያናን አዝላ ወደ አዳራሹ ስትጣደፍ ከባቡር ጣቢያው ግንብ ሥር፣ እንደ ቀበቶ በቀጠነች ጥላ ውስጥ፣ አንድ ሰው ተለጥፎ ቆሟል። አናቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጓል። ጋሽ ዘውገ ነው። ፊቱ ጠቁሯል፣ ከንፈሩም ተሰነጣጥቋል። ምሥራቅ አይታ እንዳላየች ለማለፍ አስባ ነበር፤ እሱ ግን ቀድሞ አያትና ፊቱ በራ።

«እግሯ እንዴት ሆነ?» አለ። «ትረግጥበታለች?»

 ሶልያና ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና እግሯን ወደፊት ዘርግታ አሳየችው። ሽማግሌው በጀሶው ላይ ስሙን ለመጻፍ እስክሪብቶ ከኪሱ ፈለገ፤ አጥቶ በጥፍሩ አንድ ጊዜ ጫር አደረገበት።

ዝግ የሆነ ሰው አዳራሽ የሚገባበት አንድ መንገድ አለ። ድምፅ ያለው ሰው እንግዳዬ ነው ብሎ በእጥፍ ዋጋ ሊያስገባው ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙም አይታይም፤ ማን በእጥፍ ይገዛል። ምሥራቅ እዚያው ግንቡ ሥር ቆማ ስልኳን አወጣች። ከባጃጇ የተረፈችውን ገንዘብ ለልጅቷ ጫማ ብላ አስቀምጣት ነበር። እንግዳ የሚለውን ነካችና ክንዱን ይዛ ና እንሂድ እንደሚባል ልጅ መራችው። በመንገድ ላይ ማረኝ አለችው። እሱ ስለ ባቡሩ መዘግየት ያወራ ነበር፤ የሰማ አይመስልም። ትንሽ ቆይቶ ግን እጁን እጇ ላይ አኖረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ሦስት ወንበር ትጫረታለች። አዳራሹ ውስጥ ሶልያና መሀል ትቀመጣለች፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ይሆናሉ። ለዚህ ስትል ምሥራቅ ሁለተኛ የሰሌዳ መስመር ትጠርጋለች፤ ለሁለተኛውም መስመር ጉልበቷን ይበልጥ አርክሳ ነው። ፋጡማ አብደሻል ብላታለች። 

ሙቀቱ በበረታበት በአንዱ ቀን ጋሽ ዘውገ የምሥራቅን ስልክ ተቀብሎ የሰፈሩን ጨረታ ሲያይ ቆየ። መጫረት ባይችልም ማየት ይወዳል። ድንገት ምላሱን ጠቅ ጠቅ አደረገና ስልኩን አዞረላት። ፋጡማ የባጊያ ሊጧን የምታቆይበትን የበረዶ ሳጥን ለጨረታ አውጥታለች። የባጊያውን ንግድ ልትዘጋ መሆኑን ምሥራቅ ያን ጊዜ አወቀች። ፋጡማ ራሷ ከፊታቸው ባለው ረድፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ታፈጥጥበታለች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል። ዋጋው ከመነሻው ንቅንቅ አላለም፣ ጊዜውም ሊያልቅ ተቃርቧል።

«ጨምሪላት» አለ ጋሽ ዘውገ በሹክሹክታ።

ምሥራቅ ሒሳቧን ታውቃለች። የበረዶ ሳጥኑን በዚያ ዋጋ እንኳ ልትገዛው አትችልም፤ የነገውን ሦስት ወንበር ካልተወች በስተቀር። ሶልያና እንቅልፍ ጥሏታል፤ ጀሶው የተፈታለት እግሯ በሽማግሌው ጭን ላይ ተዘርግቷል።

«ጋሼ፣ እኔ ላይ ቢቀርስ?»

ሽማግሌው አሰበበት። ሊዋሻት አልፈለገም።

«ያን ጊዜ ሁለት እንሆናለን» አለ።

ምሥራቅ የፋጡማን ጀርባ አየች። ይህች ሴት ዝጊው ብላ በየቀኑ ስትወተውታት እንደነበር አስታወሰች፤ ቂም ይዛባት እንደሆነ ራሷን ፈተሸች፣ አላገኘችውም። የተሰማት ፍርሃት ብቻ ነው። ጣቷን አንስታ ጨመረች። ከፊታቸው ያለው ትከሻ ወዲያው ቀና አለ። ፋጡማ ማን ይሆን ብላ አዳራሹን በዓይኗ ስትቃኝ ምሥራቅ አንገቷን ደፋች።

«የመጨረሻው ዋጋ የእርስዎ ነው» ይላል ስልኩ። ከሥሩ የቀረው ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ጋሽ ዘውገ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምሥራቅ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አዳራሹ ውስጥ ሌላ አንድ ሰው ጣቱን እስኪያነሳ መጠበቅ ጀመረች።